የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ምድሪቱን መምህር አድርጎ ስለ ማስተማር

ጥያቄ

ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ፣

ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ፣ በአዲስ አበባ ሰሜናዊ ጫፍ በሚገኝ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ነኝ። ከተማሪዎቼ ከፊሎቹ አያቶቻቸው በዚሁ አካባቢ ያርሱና ከብት ያረቡ የነበሩ ልጆች ሲሆኑ፣ የቀሩት ወላጆቻቸው የኮንዶሚኒየም ዕጣ ደርሷቸው ወይም ሥራ ፍለጋ ከሌላ ቦታ የመጡ ናቸው። የአውስትራሊያ አቦርጂናል ሕዝቦች ባህልን፣ ታሪክንና የተፈጥሮን ዕውቀት ለየብቻ ሳይከፋፍሉ፣ ልጆቻቸውን ይዘው በገዛ ምድራቸው ላይ እየተዘዋወሩ እንደሚያስተምሩ፣ ዛሬም የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ይህን መንገድ ለሌሎችም ልጆች ለማዳረስ እንደሚጥሩ በቅርቡ አነበብሁ። ሐሳቡ ልቤ ውስጥ ገብቷል። ሆኖም የሩቅ ሕዝብ ሥርዓት ወስዶ እዚህ መሥራት ተገቢ መሆኑን እጠራጠራለሁ፤ ተገቢ ከሆነም ከየት መጀመር እንዳለብኝ አላውቅም። በዝርዝር ቢያብራሩልኝ ደስ ይለኛል።

መምህርት፣ ከእንጦጦ ግርጌ

መልስ

የተከበሩ መምህርት፣

ከጥርጣሬዎ ልጀምር፤ እርሱ ካልጠራ ሌላው አይጠራምና። ከአቦርጂናል ሕዝቦች ልንወስድ የሚገባን ተረቶቻቸውን፣ ሥዕሎቻቸውን ወይም ሥርዓተ በዓላቸውን አይደለም፤ እነዚያ ባለቤት አላቸው። ልንወስድ የምንችለው የነገሩን ቅደም ተከተል ነው፤ ከትምህርቱ በፊት ቦታው፣ ከቦታውም በፊት ቦታውን የሚያውቁትና መብት ያላቸው ሰዎች ይቀድማሉ። ይህን ቅደም ተከተል የጠበቀ መምህር ስለ አውስትራሊያ አንድ ቃል ሳይናገር ትምህርቱን ሊያካሂድ ይችላል፤ ያልጠበቀ ግን ልጆቹን በየሳምንቱ ተራራ ቢያወጣቸው ነገሩ ከሽርሽር አያልፍም።

አቦርጂናል ሕዝቦች ስንል አንድ ወጥ ሕዝብ ማለታችን አይደለም። በዚያች ምድር ከ50,000 ዓመት በላይ የኖሩ ሲሆን፣ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1788 ዛሬ ሲድኒ በምትባለው ስፍራ በሰፈሩ ጊዜ በአህጉሩ ከ250 የሚበልጡ ቋንቋዎች ይነገሩ ነበር። እያንዳንዱ ሕዝብ ወሰኑን ለይቶ የሚያውቀው የራሱ ምድር አለው። ምድር ሲሉም አፈሩን ብቻ አይደለም፤ ውኃው፣ ዕፅዋቱ፣ እንስሳቱ፣ ከበላይ ያለው ሰማይና ከዋክብቱ፣ በውስጡ ያረፉት አባቶችና እናቶች፣ እነርሱም ያወረሱት ሕግ በአንድነት ይቆጠራሉ። ሰው ምድሪቱን ይጠብቃል፣ ምድሪቱም ሰውን ትጠብቃለች፤ ግዴታው በሁለቱም ወገን ነው። ስለዚህ አንድ ልጅ ዓሣ የሚጠመድበትን ኩሬ ሲያውቅ፣ ኩሬው እንዴት እንደተፈጠረ የሚተርከውን ታሪክ፣ ዓሣው የሚራባበትንና ማጥመድ የሚከለከልበትን ወቅት፣ በኩሬው ላይ መብት ያለውንም ቤተሰብ አብሮ ያውቃል። እኛ በክፍለ ጊዜ ለያይተን ታሪክ፣ ሳይንስና ግብረ ገብ የምንለው ለእርሱ አንድ ትምህርት ነው።

ሁለት ምሳሌ ልጥቀስ። በደቡብ ምዕራብ አውስትራሊያ የሚኖሩት ኑንጋር ሕዝቦች ዓመቱን በስድስት ወቅቶች ይከፍሉታል፤ ስማቸውም ቢራክ፣ ቡኑሩ፣ ጄራን፣ ማኩሩ፣ ጂልባና ካምባራንግ ይባላል። ወቅቱ መግባቱ የሚታወቀው ቀን በመቁጠር ሳይሆን ምልክቱን በማየት ነው። ከበጋው ሙቀት በኋላ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ብሎ ጤዛ መውረድ ሲጀምርና ክንፍ ያወጡ ጉንዳኖች ሲበሩ ጄራን ገብቷል፤ ብርዱና ዝናቡ ሲበረታ ማኩሩ ሆኗል፤ ሜዳው በልዩ ልዩ የዱር አበባ ሲሸፈን ካምባራንግ ነው። ልጁ ምን እንደሚለቀም፣ ምን እንደማይነካ፣ ሰው የት እንደሚሰፍር የሚማረው እነዚህን ምልክቶች እየተከታተለ ነው። ሁለተኛው ምሳሌ በቪክቶሪያ ግዛት ያሉት ጉንዲትጅማራ ሕዝቦች ናቸው። እነርሱ ከእሳተ ገሞራ በወጣ ድንጋይ ቦይና ግድብ ሠርተው፣ እባብ የሚመስለውን ኢል የተባለ ዓሣ እያገዱ ያረቡ ነበር። ባጅ ቢም የሚባለው ይህ ስፍራ ቢያንስ የ6,600 ዓመት ዕድሜ እንዳለው ተረጋግጦ እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። አቦርጂናል ሕዝቦች ከቦታ ቦታ እየተንከራተቱ ከማደንና ከመልቀም ሌላ ምንም አያውቁም ነበር የሚለውን የቆየ አነጋገር ለማፍረስ ልጆችን በዚያ ቦይ ዳር ማስኬድ ይበቃል።

አሁን ወደ እርስዎ ተራራ ልምጣ። ተማሪዎችዎ ከማንኛውም ዛፍ ይልቅ የሚያውቁት ባሕር ዛፍን ነው፤ ቤታቸው የቆመው በእርሱ ነው፣ እንጀራቸው የሚጋገረው በቅጠሉና በጭራሮው ነው። ይህ ዛፍ የአቦርጂናል ሕዝቦች ምድር ዛፍ መሆኑን ግን አብዛኞቹ አያውቁም። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ሁለቱን አገሮች የማገናኘው በዚሁ ዛፍ ነበር፤ ከዚህ የተሻለ መግቢያ አይገኝም ብዬ አምናለሁና።

በእንጦጦ የሚበዛው ነጭ ባሕር ዛፍ የትውልድ አገሩ የታዝማኒያ ደሴትና አጠገቧ ያለው የደቡብ ምሥራቅ አውስትራሊያ ክፍል ነው። ወደ እኛ የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ሲሆን፣ ምክንያቱም ግልጽ ነበር፤ አዲሲቱ ከተማ ሰው እየበዛባት ሲሄድ በዙሪያዋ የነበረው ጽድና ወይራ እየተመናመነ የማገዶና የግንባታ እንጨት እጥረት ስለ ጸና፣ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም የማዛወር ሐሳብ እስከ መነሣት ደርሶ ነበር። ፈጥኖ የሚያድገው፣ ተቆርጦም ከጉቶው የሚያቈጠቍጠው ዛፍ ከተማይቱ ባለችበት እንድትጸና ረድቷል፤ ዛሬም ጀርባቸው እስኪጎብጥ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው ከእንጦጦ ለሚወርዱት እናቶች የዕለት እንጀራ ነው። ስለዚህ ለልጆቹ ባሕር ዛፍ ክፉ ነው ብሎ ማስተማር የእነዚህን እናቶች ልጆች ማስከፋት ብቻ ሳይሆን ታሪኩንም ማጉደል ነው።

ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይህ ዛፍ በትውልድ አገሩ ከማን ጋር ይኖራል? በታዝማኒያ የነጭ ባሕር ዛፍን አበባ ማር እየቀሰመች የምትኖር፣ ክረምቱን በዋናው ምድር አሳልፋ ለመራባት ባሕር አቋርጣ ወደ ደሴቲቱ የምትመለስ ትንሽ አረንጓዴ በቀቀን አለች፤ ዛፉ ስለ ተመነጠረባት ዛሬ ለመጥፋት ተቃርባለች። ኮዋላ የሚባለው እንስሳ ዋነኛ ምግቡ ከ700 ከሚበልጡት የባሕር ዛፍ ዝርያዎች የአንዳንዶቹ ቅጠል ነው። የወደቀውን ቅጠልና ቅርፊት የሚያብላሉ፣ ከዛፉ ጋር የኖሩ ነፍሳትና ፈንገሶች አሉ። በመሪ ወንዝ ዳርቻ በብዛት የሚበቅለውን፣ እኛ ቀይ ባሕር ዛፍ የምንለውን ዝርያ ደግሞ የአካባቢው አቦርጂናል ሕዝቦች ዛፉን ሳይጥሉ ከግንዱ አንድ ወገን ብቻ ቅርፊቱን በጥንቃቄ እየላጡ ታንኳ፣ ጋሻና የዕቃ መያዣ ይሠሩበት ነበር፤ ያ ጠባሳ ያለባቸው ዛፎች ዛሬም ቆመው ይታያሉ፣ ልጆችም የአያቶቻቸውን እጅ ሥራ በሕያው ግንድ ላይ ያነብባሉ። ወደ እንጦጦ የመጣው ዘሩ ብቻ ነው፤ በቀቀኗም፣ ኮዋላውም፣ ዛፉን እንዴት መያዝ እንደሚገባ የሚያውቀውም ሰው እዚያው ቀርተዋል። ተማሪዎችዎ ከባሕር ዛፉ ሥር ተንበርክከው የሚበቅለውንና የሚንቀሳቀሰውን ይቍጠሩ፤ ከዚያ ወደ አንድ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ገብተው በአሮጌ ጽድ፣ ወይራ ወይም ኮሶ ሥር ያንኑ ያድርጉ። ልዩነቱን ራሳቸው ይነግሩዎታል፤ ምክንያቱን መፈለግ ደግሞ የሳይንስ ትምህርታቸው ይሆናል።

የዛፉ ታሪክ ሳይነገር ሊታለፍ የማይገባው ሌላ ገጽ አለው። በታዝማኒያ፣ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ በሰፋሪዎች ጦርነትና በበሽታ ብዙው የደሴቲቱ አቦርጂናል ሕዝብ አልቋል፤ የተረፉትም በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ ፍሊንደርስ ደሴት ተግዘዋል። ዘሮቻቸው ግን ዛሬም አሉ፤ ቋንቋቸውንም ፓላዋ ካኒ በሚል ስም መልሰው እያቆሙ ነው። በመላው አውስትራሊያ ደግሞ እስከ 1970ዎቹ ድረስ በመንግሥት ፖሊሲ ብዙ አቦርጂናል ሕፃናት ከወላጆቻቸው እየተነጠቁ በተቋማትና በባዕድ ቤተሰብ እንዲያድጉ ተደርጓል፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ኬቪን ራድ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2008 በፓርላማ በይፋ ይቅርታ የጠየቁት ስለዚህ ነው። ምድሪቱ እንግሊዞች ሲመጡ ባለቤት አልነበራትም የሚለው የሕግ አነጋገር የፈረሰውም በቅርቡ ነው፤ ኤዲ ማቦ የተባሉ፣ ከአውስትራሊያ በስተሰሜን በቶረስ ስትሬት ባሕር ያለችው የመሪ ደሴት ሰውና ባልደረቦቻቸው ለዓመታት ሲሟገቱ ቆይተው፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በሰኔ 1992 ፈረደላቸው፤ ማቦ ግን ፍርዱን ሳይሰሙ ከጥቂት ወራት በፊት አርፈው ነበር። ልጅ ከምድሩ ከተነጠለ የምድሩን ትምህርት ከማን ይማራል? ዛሬ በአውስትራሊያ ምድርን መሠረት ያደረገ ትምህርት የሚታገልለት አንዱ ነገር ይኸው የተበጠሰው ክር ነው፤ ይህን ሳይናገሩ ስለ ወፎችና አበቦች ብቻ ማውራት ግማሽ ትምህርት ይሆናል።

የሁለቱ አገሮች ታሪክ አንድ ነው እያልሁ አይደለም። ነገር ግን የከፊሎቹ ተማሪዎችዎ አያቶች በዚሁ አካባቢ ያርሱ እንደ ነበር ነግረውኛል። እነዚህ ልጆች በክፍል ውስጥ ስለ አካባቢያቸው ታሪክ ሲማሩ ከቤተ መንግሥቱና ከከተማይቱ ምሥረታ በፊት ማን ይኖርበት እንደ ነበር ሊሰሙ ይገባል። የቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች በእነዚህ ሸንተረሮችና ምንጮች ዙሪያ ከብት ሲያሰማሩ፣ ሲያርሱ፣ በገዳ ሥርዓት ሲተዳደሩ ኖረዋል፤ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ ዳግም መከበር የጀመረው ኢሬቻም ክረምቱ ሲወጣ በውኃ ዳር ለፈጣሪ ምስጋና የሚቀርብበት የምድሪቱ በዓል ነው። በዚያው ተራራ ላይ እንጦጦ ማርያም አለች፣ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡባት። ሁለቱንም ታሪክ በአንድ ተራራ ላይ ማንበብ ይቻላል፤ አንዱን ለማንሣት ሌላውን መሸፈን አያስፈልግም። ከሌላ ቦታ የመጡት ልጆችም ባዕድ ሆነው እንዳይቀሩ፣ ከጎጃም፣ ከጉራጌ ወይም ከወላይታ የመጣ አያት ስለ ጤፍ፣ ስለ እንሰት ወይም ስለ ደጋ ገብስ የሚያውቀውን ይዘው ይምጡ፤ ግን በመጀመሪያ የቆሙበትን ምድር የሚያውቁትን ሰዎች ያዳምጡ። በአውስትራሊያም ከየትም የመጣ ተማሪ መጀመሪያ የሚማረው በማን ምድር ላይ እንደ ቆመ ነው።

ስለ አጀማመሩ፣ ምክሬ ብዙ ቦታ አይምረጡ የሚል ነው። ከትምህርት ቤቱ በእግር የሚደረስ አንድ ስፍራ፣ ለምሳሌ ምንጭ፣ ጅረት ወይም የደብር ደን፣ ይምረጡና ዓመቱን ሙሉ ወደዚያው ይመላለሱ። ከመሄድዎ በፊት ፈቃድ ይጠይቁ፤ ደብሩን፣ የአካባቢውን ሽማግሌዎች፣ አባ ገዳ ካሉም እርሳቸውን። ፈቃድ መጠየቁን እንደ ቢሮ ጉዳይ አይዩት፤ የትምህርቱ የመጀመሪያ ክፍል ነውና ልጆቹ ባሉበት ይሁን። በአውስትራሊያ የኡሉሩ ታላቅ አለት ባለቤቶች፣ አናንጉ የሚባሉት ሕዝቦች፣ ጎብኚዎች አለቱን እንዳይወጡ ለብዙ ዓመታት ሲለምኑ ኖረው፣ መውጣት በይፋ የተከለከለው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 ነው፤ አለቱ ለእነርሱ ከተመለሰ ከ34 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ልጆች «እዚህ መግባት እንችላለን?» ብሎ መጠየቅንና «እዚያ አትግቡ» የሚል መልስ ቢሰጣቸው መቀበልን በልጅነታቸው ቢለምዱ ትልቅ ነገር ነው።

በመስከረም የመጀመሪያው ጉዞ ይሁን። ዝናቡ ያባራል፣ አደይ አበባ ይፈነዳል፣ የመስቀል ወፍ ይታያል። ይህች ወፍ በመስቀል ሰሞን ብቻ ከየት እንደምትመጣ የማይጠይቅ ልጅ የለም፤ መልሱ ግን ከጥያቄው ይበልጥ ያስደንቃቸዋል። ወፏ ከአካባቢው አልሄደችም፤ ደማቅ ላባ ለብሶ የምናየው ተባዕቱ ሲሆን፣ የመራቢያው ጊዜ ካለፈ በኋላ ላባውን ለውጦ እንደ እንስቷ ቡናማ ስለሚሆን ከሌሎች ትናንሽ ወፎች መሃል አንለየውም። ልጆቹ በኅዳርና በታኅሣሥ ተመልሰው ይፈልጉት። አበባውና ወፉ በአንድ ሰሞን የሚገናኙት ለምን እንደ ሆነ፣ የሣሩ ፍሬ፣ ነፍሳቱና የጎጆው ጊዜ እንዴት እንደሚያያዙ ሲደርሱበት፣ ኑንጋሮች ወቅታቸውን በምልክት የሚያውቁት እንዴት እንደ ሆነ ያለ ማብራሪያ ይገባቸዋል። እኛም መጸው፣ በጋ፣ ጸደይና ክረምት ብለን የከፈልነው ዓመት በወረቀት ላይ ብቻ አይቀርም።

ውኃውን መከተልም አይርሱ። የእንጦጦ ራስ ውኃ የሚከፈልበት ነው፤ በደቡብ ወገን የወረደ ዝናብ በቀበናና በሌሎቹ ወንዞች በኩል ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይገባና ባሕር ሳይደርስ በአፋር በረሃ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል፤ በሰሜን ወገን በሱሉልታ በኩል የወረደው ደግሞ በሙገር አድርጎ ዓባይን ይቀላቀላል። ልጆቹ በድንጋይና በእንጨት መሬት ላይ ካርታ ሠርተው ውኃ ቢያፈስሱበት፣ በትምህርት ቤታቸው አጠገብ ወደ ጅረት የሚጣለው ቆሻሻ ማን ደጃፍ እንደሚደርስ በዓይናቸው ያዩታል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ጨምሬ ልለፍ። አቦርጂናል ሕዝቦች በትክክለኛው ወቅት አነስተኛና ቀዝቃዛ እሳት በየቦታው እየለቀቁ ደኑን ከትልቅ ቃጠሎ የሚጠብቁበት ጥልቅ ዕውቀት አላቸው፤ ይህ ልማድ በብዙ ቦታ በመከልከሉ የደረቀ ቅጠልና ሣር ተከማችቶ እሳቱ የከፋ ሆኗል የሚሉ አሉ፣ እኔም ይህን አምናለሁ። ነገር ግን ያ ዕውቀት የዚያ ምድር ነው። በእንጦጦ ቁልቁለት፣ በየካቲት ንፋስ፣ በዘይታም ቅጠል መሃል እሳት መልቀቅ ጥፋት ብቻ ነው፤ ልጆቹ ይህን እንዳይሞክሩ በግልጽ ይንገሯቸው። ዕውቀት ከምድሩ ተነጥሎ ሲጓዝ ምን እንደሚሆን ከዚህ የበለጠ ማሳያ አላገኝም።

ጥያቄ

ይድረስ ለአዘጋጁ፣ ሁለቱ ልጆቼ በለገጣፎ መንገድ ባለ ትምህርት ቤት ይማራሉ። ትምህርት ቤቱ ልጆቹን ለ«አካባቢን ማወቅ» እያለ በወር አንድ ቀን ከክፍል ያስወጣቸዋል። ትልቁ ዘንድሮ የሚኒስትሪ ፈተና ተፈታኝ ነው። ይህ ጊዜ ማባከን አይደለም ወይ?

አባት፣ ከለገጣፎ መንገድ

መልስ

ስጋትዎን እረዳለሁ፤ የወላጅ ስጋት ነው። ጉዞው ያለ ዝግጅት ከሆነ እውነትም ጊዜ ማባከን ነውና ትምህርት ቤቱን ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ከጉዞው በፊት ልጆቹ ምን ጥያቄ ይዘው ይሄዳሉ? ከተመለሱ በኋላስ ምን ይጽፋሉ? ለሁለቱም በቂ መልስ ከተሰጠዎ ልጅዎ እየከሰረ አይደለም። የአውስትራሊያ ብሔራዊ ሥርዓተ ትምህርት የአቦርጂናልና የቶረስ ስትሬት ደሴቶች ሕዝቦችን ታሪክና ባህል በሁሉም የትምህርት ዓይነቶች ውስጥ እንዲገባ ያደረገው ለጨዋታ አይደለም፤ የሒሳብ፣ የሳይንስና የቋንቋ ትምህርት በሚታወቅ ቦታ ላይ ሲመሠረት ስለሚጸና ነው።

የእኛው አገር ማስረጃም አለ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በዓድዋ፣ ሴቶች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተመልክተው፣ እንዶድ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የደረሱበት በዚሁ መንገድ ነው፤ ለሥራቸውም ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሸልመዋል። እንዶዱን ያወቁት እናቶች ነበሩ፤ ቆሞ የተመለከተው ሳይንቲስት ነበር፤ ሁለቱ የተገናኙት ወንዝ ዳር ነው። ለታሪክ ትምህርቱም ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአዋሽ ዳር የሚገኘው መልካ ቁንጡሬ አለ፤ በ2016 ዓ.ም. ከባልጪት ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከ1.5 ሚሊዮን ዓመት በላይ የቆየ የድንጋይ መሣሪያ ያየ ልጅ ስለ ሰው ዘር አመጣጥ ፈተና ላይ ቢጠየቅ የሚጽፈው አያጣም።

ጥያቄ

ልጄ ሆይ፣ ይህን ደብዳቤ የጻፈልኝ የልጅ ልጄ ነው። በየካ ወረድ ብሎ ባለው አገር ተወልጄ አርሼ የኖርሁ ሽማግሌ ነኝ፤ ማሳዬ ዛሬ ቤት ነው። የሰፈራችን መምህራን መጥተው ለልጆቹ ስለ አገሩ ንገሩልን አሉኝ። ልነግራቸው እወዳለሁ፤ ነገር ግን ማሳው ከሌለ ምኑን አሳያለሁ? ደግሞም አባቴ ለማንም እንዳላወጣው አደራ ብሎ የነገረኝ የመድኃኒት ቅጠል አለ። እምቢ ብል ክፉ ነው?

መልስ

አባቴ፣ እንደምን ሰነበቱ። መምህራኑ ወደ እርስዎ በመምጣታቸው ደስ ብሎኛል፤ እርስዎም ለመንገር በመፍቀድዎ።

የአደራውን ነገር ላስቀድም። እምቢ ማለት ክፉ አይደለም፤ መብትዎ ነው። በአቦርጂናል ሕዝቦች ሕግም ዕውቀት ሁሉ ለሁሉ አይነገርም፤ ለወንዶች ብቻ የሚነገር አለ፣ ለሴቶች ብቻ የሚነገር አለ፣ ዕድሜውና ሥርዓቱ ሳይደርስ የማይነገር አለ፤ ታሪኩን የመናገር መብት ያለውም ቤተሰብ የታወቀ ነው። እዚያ ያሉ ጥሩ መምህራን አዛውንቱ ዝም ሲሉ ደግመው አይጠይቁም። ለልጆቹ «ይህን አውቃለሁ፣ አልነግራችሁም፤ አደራ አለብኝ» ቢሏቸው ራሱ ትምህርት ነው። የመድኃኒት ነገር ሲሆን ጥንቃቄውም ተጨማሪ ነው፤ ኮሶ እንኳ ልኩ ሲያልፍ እንደሚጎዳ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ፤ ልጅ ደግሞ የሰማውን ለመሞከር ይቸኩላል።

ማሳው ባይኖርም አገሩ አለ። ልጆቹን ይዘው በሕንፃዎቹ መካከል ይሂዱና ምንጩ የነበረበትን፣ በሬዎቹ ውኃ የሚጠጡበትን፣ ጤፉ የተወቃበትን አውድማ፣ ደቦ የተጠራበትን ሜዳ እየቆሙ ያሳዩዋቸው። የእያንዳንዱን ቦታ የቀድሞ ስም፣ በኦሮምኛም በአማርኛም፣ እንደሚጠሩት ይጥሩላቸው። መጀመሪያ የሚታረሰው የትኛው ወገን እንደ ነበረ፣ የትኛው ወፍ ሲጮህ ወይም የትኛው ዛፍ ሲያብብ ዝናቡ መቅረቡን ያውቁ እንደ ነበር ይንገሯቸው። እንዴት ከመሬትዎ እንደተነሡም መናገር ከፈለጉ ይናገሩ፤ ልጆቹ የሚኖሩበት ቤት በምን ላይ እንደ ቆመ ማወቃቸው አይጎዳቸውም፤ መናገሩ ከከበደዎ ግን ማንም አያስገድድዎ።

ከመሄድዎ በፊት በልጅ ልጅዎ በኩል ከመምህራኑ ጋር ጥቂት ነገር ይስማሙ። ድምፅዎንና ፎቶግራፍዎን የሚቀርጹ ከሆነ አንዱ ቅጂ በእጅዎ ይቅር፣ ሌላው የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚያየው ይወሰን፤ ከዕድሜ በኋላም ልጆችዎ ሳይፈቅዱ እንዳይወጣ ይጻፍ። በብዙ አቦርጂናል ሕዝቦች ዘንድ የሟች ሥዕልና ስም ያለ ቤተሰብ ፈቃድ አይታይም፣ አይጠራምና እዚያ ያሉ ትምህርት ቤቶች ይህን አስቀድመው ይጠይቃሉ። የመጓጓዣዎንና የደከሙበትን ትምህርት ቤቱ ሊከፍል ይገባል፤ በእንግድነት የሚጠሩ ሳይሆን የሚያስተምሩ ነዎትና፣ ይህን ለመጠየቅ አይፈሩ። ጉዞው በጠዋት ቢሆንና በመንገዱ ላይ ሁለት ሦስት የማረፊያ ቦታ ቢኖር ለእርስዎም ለልጆቹም ይቀላል፤ የልጅ ልጅዎም አብሮዎት ይሂድ፣ እርስዎ የሚጠሯቸውን የቦታ ስሞች በደብተሩ እየጻፈ።